ከሰው ብልሃት ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?

በተማሪዎች ማኅበርና በወጣት ሠራተኞች ጨዋታ መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አሮጌ ክርክር አለ። ይኸውም «የሰው ልጅ በአእምሮው አውጥቶ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው በተነሣ ቁጥር አንደኛው መንኰራኵርን፣ ሁለተኛው ፊደልን፣ ሦስተኛው የኤሌክትሪክን ኃይል ይጠራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በኪስ የሚያዘው ስልክ ከሁሉ ይቀድማል። ተከራካሪዎቹ እስኪመሽ ይሟገታሉ፤ በመጨረሻም የሚረታው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ የበረታው ነው።

ይህንኑ ክርክር በቅርቡ ዋጫ ላይ ሰማሁት። ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚሄድ መንገደኛ ያልፍባታል። ተከራካሪዎቹ ከልዩ ልዩ አገር ተመድበው የመጡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ጀርመናዊውን ጉተንበርግን፣ ስኮትላንዳዊውን ዋትን፣ አሜሪካዊውን ኤዲሰንን እየጠሩ በሚገባ ተሟገቱ፤ ዓመተ ምሕረቱንም አሳምረው ያውቁታል። እኔን ያስገረመኝ ግን የተጠሩት ሁሉ የሩቅ አገር ሰዎች መሆናቸው ነው። ከተቀመጡበት ወንበር መቶ እርምጃ ሳይርቅ በየጓሮው የቆመውን ነገር አንድም ሰው አላነሣውም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሰው ብልሃት ሁሉ የሚበልጠው እዚያው ጓሮ ውስጥ ይገኛል እላለሁና።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ እንስማማ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት «ፈጣሪስ አንድ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ብልሃተኛ ቢባል ይበቃዋል» ብለው ወጣቶቹን ገሠጿቸው። አነጋገራቸው ለሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ለክርክሩም ይጠቅማል። ተፈጥሮ ያስቀመጠችውን ነገር ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በተፈጥሮ ያልነበረ አሠራርን አስቦ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። እሳት ግኝት ነው፤ ምድጃ ብልሃት ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ክርክሩን ገና ሳይጀምረው ያበላሸዋል።

በዚህ ሚዛን የተነሣ የምወደውን ነገር ከክርክሩ ለማስወጣት እገደዳለሁ። ካፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ታላቅ ነገር የሚናገር ሰው ቡናን ሳይጠራ አያልፍምና። በቦንጋ አካባቢ የሚገኘው የማንኪራ ጫካ የቡና መነሻ ነው ተብሎ ይነገርለታል፤ በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል፤ የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው የለንደን ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሎይድ የተባለው ስመ ጥር የመድን ገበያም የበቀለው ከአንድ ቡና ቤት ነው። ይህ ሁሉ ሊያኰራን ይገባል። ነገር ግን የቡናን ዛፍ ማንም አልሠራውም፤ በጫካው ውስጥ በቅሎ ተገኘ እንጂ። ፍሬውን ቆልቶ፣ ወቅጦና አፍልቶ መጠጣት በእርግጥ ብልሃት ነው። ሆኖም ቡና ያጣ ሰው ራሱን ያመዋል እንጂ አይሞትም።

መለኪያዬ እንግዲህ ይኸው ነው። አንዱን ብልሃት ከዓለም ላይ አንሡት፤ ከዚያም ማን እንደሚጐዳና ስንት ሰው እንደሚጠፋ ቍጠሩ።

መንኰራኵርን ብናነሣ ብዙ ነገር ይቆማል፤ ሰው ግን ይኖራል። በደቡብ አሜሪካ የኢንካ ሕዝብ ያለ ጋሪ ሰፊ ግዛት አስተዳድሯል፤ በተራራው ላይም የሚደነቅ መንገድ ሠርቷል። እኛም ብንሆን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ያደረግነው ስንቃችንን በበቅሎና በአህያ ጭነን ነው። የኤሌክትሪክ ኃይልም ቢሆን ለሰው ልጅ የትናንት እንግዳ ነው። ስለ ስልክ ብዙ አልናገርም፤ ባትሪው ሲያልቅበት ባለቤቱ የሚያሳየውን ጭንቀት አይቻለሁ፤ ያን ያህል አሳሳቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ከዚህ ወገን በእውነት የሚያስቸግረኝ ክትባት ብቻ ነው። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 እ.ኤ.አ. የጀመረው የፈንጣጣ ክትባት ያንን ክፉ በሽታ ከምድር ላይ አጥፍቶት፣ የዓለም የጤና ድርጅት መጥፋቱን በ1980 እ.ኤ.አ. አውጇል። ክትባትን የሚመርጥ ሰው ቢገጥመኝ አልጣላውም።

ፊደልን የሚመርጡት ግን ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኔም በፊደል እንጀራ የምበላ ስለ ሆንኩ፣ ለነሱ መልስ መስጠት ይገባኛል። «ፊደል ባይኖር ዕውቀት ሁሉ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበር ነበር» ይላሉ። ከታወቁት ጽሕፈቶች ሁሉ ጥንታውያን ከሆኑት መካከል በዛሬዋ ኢራቅ በነበረችው በኡሩክ ከተማ፣ ከ5,000 ዓመት በፊት በሸክላ ላይ የተቀረጹት ይገኙባቸዋል። በነዚያ ሸክላዎች ላይ የተጻፈው በብዛት ምንድን ነው? ቅኔ ነውን? ታሪክ ነውን? አይደለም። የገብስ ስፍር፣ የከብት ቍጥርና የሠራተኞች ቀለብ ነው። ጸሐፊው ብቅ ያለው ጎተራው ከሞላ በኋላ ነበር። ያልተቀመጠ እህል መዝገብ አያሻውም። ስለዚህ ፊደል ራሱ ምግብን አከማችቶ የማስቀመጥ ብልሃት ልጅ ነው ማለት ነው፤ ልጅን ከእናቱ አስቀድሞ ማክበር ደግሞ በአገራችን ልማድ የለም።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ምግብን ለክፉ ቀን ማቆየት ነው ብዬ እነሣለሁ። አውሮፓውያን ይህን ጉዳይ የቱን ያህል ከባድ አድርገው እንደ ያዙት ከአንድ ታሪክ መረዳት ይቻላል። የፈረንሳይ መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ ስንቅ የሚሆን ምግብ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ለሚያገኝ ሰው 12,000 ፍራንክ እሸልማለሁ ብሎ አሳወቀ። ኒኮላ አፔር የተባለ ምግብ ሠሪ ለዓመታት ሲደክም ኖሮ፣ ምግቡን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውኃ በመቀቀል ተሳካለትና በ1810 እ.ኤ.አ. ሽልማቱን ተቀበለ። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ግን እሱም አያውቅም ነበር፤ ምስጢሩን የገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ የተነሣው ሉዊ ፓስተር ነው።

አፔር ያገኘው ከሸክላና ከጠርሙስ፣ ከቡሽና ከማገዶ ጋራ ነው። የዋጫ እናት ይህንኑ ሥራ የምትሠራው መሬት ቆፍራ ነው። ስለ እንሰት መናገሬ ነው።

አብዛኛው የሰሜን ሰው እንሰትን «ኮባ» ብሎ የሚያውቀው ድፎ ዳቦ ሲጋገር ነው፤ ቅጠሉን ከሥርና ከላይ አልብሶ ዳቦውን ይጋግርበታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጠይቅም። ለዓይን ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን እንደ ሙዝ አይበላም። ግንድ የሚመስለውም በእውነት ግንድ አይደለም፤ እርስ በርሱ የተደራረበ የቅጠሎቹ እግር ነው። የሚበላው ነገር በዚህ በቅጠሉ እግር ውስጥና ከመሬት በታች በተቀበረው ኩረቱ ውስጥ ተደብቋል። ኩረቱን «አሚቾ» ብሎ ቀቅሎ መብላት ይቻላል፤ የቀረውን ግን ዝም ብሎ አንሥቶ የሚጐርሰው የለም። ቃጫ የበዛበትና ውኃ የሞላበት ነው።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው እንዲህ ነው። ሴቲቱ የቅጠሉን እግር ከዘመመ ሳንቃ ላይ አጋድማ፣ በቀርከሃ ወይም በእንጨት መፋቂያ ቃጫውን ከሥጋው ትለያለች። ቃጫው ለገመድና ለጆንያ ይሆናል። ኩረቱ ተከትክቶ ከተፋቀው ጋራ ይቀላቀላል። ሲጨመቅ የሚወርደው ነጭ ውኃ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ ቡላ የእንግዳና የአራስ ምግብ ነው። የቀረው በእንሰት ቅጠል ወደ ተለበጠ ጉድጓድ ገብቶ፣ እንደ ገና በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ይጫነዋል። አየር እንዳይገባው ተጠንቅቀው፣ በየጊዜው ከፍተው እያገላበጡ፣ ቅጠሉን እየለወጡ ያብላሉታል። በሞቃት አገር ሥራው ባጭር ጊዜ ይፈጸማል፤ በደጋ ግን ብዙ ወራት ይወስዳል። ተብላልቶ የወጣው ቆጮ ይባላል። በጉድጓዱ ውስጥ ብዙ ወራት፣ ከዓመትም በላይ ሳይበላሽ ይቆያል።

በጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። አየር በሌለበት ስፍራ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ከእንሰቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ዘመዶቻቸው ናቸው። አሲዱም ምግብ የሚያበላሹትን ሌሎች ሕዋሳት እንዳይራቡ ያግዳቸዋል። ፓስተር ስለዚህ ዓይነቱ መብላላት ምርምሩን ያቀረበው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሴቶች ግን የፓስተርን ጽሑፍ አልጠበቁም።

አንባቢ ምናልባት «ይህስ ቢሆን ግኝት አይደለምን? ተክሉ በጫካ ውስጥ ነበረ» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ክርክሬን ያጠናክርልኛል። ዱር በቀሉ እንሰት ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። በካፋ ደን ውስጥም በወንዝ ዳር ይገኛል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሥዕሉን አውጥቶታል፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም «እንሰት» የሚለውን የኛኑ ስም ለተክሉ ወገን መጠሪያ አድርገው ወስደውታል። ተክሉ ይህን ያህል አገር አዳርሶ ሳለ፣ አልምቶ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን በኢትዮጵያ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ብቻ ነው። ዛሬ በእንሰት የሚኖረው ሕዝብ 20 ሚሊዮን ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ተክሉ በብዙ አገር፣ ብልሃቱ ባንድ አገር ብቻ ከተገኘ፣ ዋናው ነገር ተክሉ ነው ማለት አይቻልም።

ደግሞም አበቃቀሉን እንይ። ዱር በቀሉ የሚራባው በዘር ነው። ገበሬው ግን ኩረቱን ከመሬት አውጥቶ፣ የሚያድግበትን ልቡን ቈርጦ ይጥልና መልሶ ይቀብረዋል። ልቡን ያጣው ኩረት ከጥቂት ወራት በኋላ በዙሪያው ብዙ ችግኝ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ የሚበልጥ ያወጣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው ሰው ምን አስቦ ነበር? ለማደግ ያለውን ተክል ልቡን ማውጣት ማጥፋት ይመስላል እኮ! ከአንድ ብዙ ማውጣት እንደሚቻል ለመረዳት ዓመታት ቆሞ መመልከትን ይጠይቃል። እኔ ይህን ሰው ከኤዲሰን አላሳንሰውም። ኤዲሰን ስሙን አስመዘገበ፤ የዚህኛው ስም አልተጻፈም፤ ሌላ ልዩነት አላይባቸውም።

ችግኙ ከተተከለ በኋላ እንደ አየሩ ጠባይ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ከብቶች በግቢው ካሉ ፍጋቸው ይበቃዋል። የጤፍ ማሳ በአንድ ወር ዝናብ መቅረት ይጠፋል፤ እንሰቱ ግን ውኃውን በሰውነቱ ይዞ ይቆያል። ጊዜው ደረሰ ተብሎ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልታጨደ አይረግፍም። ክፉ ዓመት ከመጣ የዛሬው ይፋቃል፤ ደግ ዓመት ከሆነ ይቆያል። ነቀዝም አይገባበት። ከ40 እስከ 60 እግር የደረሰ እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለውን ቤተሰብ ሊቀልብ እንደሚችል ያጠኑት ሰዎች ገምተዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የሰሜኑን አገር ሲፈጅ፣ እንሰት ተክሎ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ያን ያህል አልተመታም።

አሁን የክርክሩን ሌላ ወገን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። እንሰት ሰውን ከሞት ያድናል እንጂ ብቻውን አያጠግብም፤ ገንቢ ምግብ ስለሚያንሰው ከወተት፣ ከጎመንና ከባቄላ ጋራ መበላት አለበት። መሬት ሲጠብና ችግር ሲጸና ያልደረሰውን እንሰት እየነቀሉ መብላት ይመጣል፤ ያን ጊዜ የከርሞውም ያልቃል። በወላይታ ይህ ታይቷል፤ ዙሪያው ለምልሞ ሳለ ሰው የተራበበት ዘመን ነበረ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ድካሙ ነው። መፋቁ፣ መከትከቱ፣ መጭመቁና ማገላበጡ በብዛት የሴቶች ሥራ ነው፤ ወገብን የሚሰብር ሥራ ነው። ስንዴን ለማጨድና ለመውቃት ትልልቅ መኪና ከባሕር ማዶ በሚመጣበት ዘመን፣ እንሰቱ በብዙ ቤት ዛሬም የሚፋቀው በቀርከሃ ነው። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ተቋማት የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ በየቤቱ ገብተው አለመታየታቸው ነው የሚያሳዝነው። ወንዱ ቢፋቅ ኖሮ መሣሪያው ቀድሞ ይደርስ ነበር የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

ሌላም ጠላት ተነሥቶበታል፤ የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቈረጥ ብጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከዚያ ተክሉ ይሞታል። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታወቁ። እነዚሁ ሊቃውንት በ1974 እ.ኤ.አ. ሙዝንም እንደ ያዘ ጻፉ፤ ሙዙ የተገኘውም በዚያን ጊዜው የካፋ ክፍለ ሀገር ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዑጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታየ፤ እዚያ ሙዝ የሕዝቡ እንጀራ ስለ ሆነ ብዙ መንግሥታትና የምርምር ተቋማት ተነሡበት። በእንሰት ላይ ለዓመታት ሲኖር ግን የዓለም ጆሮ አልሰማውም ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ የዓለም አየር እየሞቀ በሚሄድበት በዚህ ዘመን እንሰት ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ተጨማሪ ሕዝብ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ካመለከተ በኋላ ነው ብዙ የውጭ ጋዜጣ ስሙን መጥራት የጀመረው። የኛ ሰው ከውጭ ሲነገርለት ያምን ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለወጣት ባለሥልጣኖችና ለተማሪዎች መሆኑን አልረሳሁም። በእናንተ እጅ ያለው ብዕር ዕቅድ ይጽፋል፣ በጀት ይመድባል። እንሰት ለዚህ ብዕር አስቸጋሪ ተክል ነው። በቆሎና ስንዴ በአንድ ዓመት ተዘርተው ታጭደው በኩንታል ስለሚቈጠሩ ለዓመታዊ ሪፖርት ይመቻሉ። በዚህ ዓመት ተተክሎ በስድስተኛው ዓመት የሚፋቅ ነገር በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? አንድ ባለሙያ በሩብ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሄክታር ተዘራ ብሎ ሲመሰገን፣ ሌላው ይህን ያህል እንሰት በጤና ቆሟል ቢል ምን ሠራህ ይባላል። አገሩን የሚያኖረው ነገር ከመዝገቡ ጎን ሲቀር፣ ቀስ በቀስ ከጓሮውም ይቀራል።

ለበሽታው እስካሁን የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ያለው ዘዴ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያሳልፉ በእሳት ማቃጠል ነው። በሽታው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሻገረው በብዙ መንገድ ቢሆንም፣ አንዱ ይኸው ሰዎች የሚዋዋሱት ቢላዋ ነው። ይህን ለማስተማር የሚያስፈልገው ክብሪትና በየቀበሌው እየዞረ የሚያሳይ ሰው ነው። ሁለቱም ዋጫ ላይ ይገኛሉ፤ ክብሪቱ በየሱቁ፣ ሰዎቹ ደግሞ በየቢሮው።

ችግሩ ጊዜው ነው። አዲስ ተመድቦ ዋጫ የደረሰ ወጣት፣ በመጣበት ሳምንት የተተከለው ችግኝ ቆጮ ሆኖ ሲቀርብለት ለማየት 5 ወይም 6 ዓመት መቆየት ይኖርበታል። ብዙዎቹ የዝውውር ማመልከቻቸውን የሚጽፉት ግን በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው።